አድራጊና ተደራጊ ግስ፤ የጋራ ስፍራ ባለቤት

ከዘንዘልማ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ ሰው ዓባይን ሲሻገር የጣናን ዳርቻ ያገኛል። ዳርቻው የሁሉም ነው፤ መንገደኛው ያርፍበታል፤ ባለታንኳው ጭነቱን ያራግፍበታል። ስለዚህ ስፍራ የተጻፉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ነዋሪዎች ዳርቻውን ጠረጉ።
ለ. ዳርቻው ተጠረገ።

በ«ሀ» ግሱ አድራጊ ነው፤ ባለቤቱ «ነዋሪዎች»፣ ተሳቢው «ዳርቻውን» ነው። በ«ለ» ግን ግሱ ተደራጊ ስለ ሆነ፣ ተሳቢ የነበረው «ዳርቻው» የባለቤቱን ስፍራ ወስዷል፤ ጠራጊው አይታወቅም። ይህ የሰዋስው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን «ይጠረጋል፤ ይጠበቃል» ብቻ የሚል ደንብ ሥራው የማን እንደ ሆነ ሳይናገር ያልፋል።

እንቦጭን እንውሰድ። ይህ አረም በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር በታወጀው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ሆኖም የእንቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ቁራጩም እንደገና ያቆጠቁጣል። «አረሙ ተነቀለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚነቅለውን አይነግረንም።

አድራጊውን ለይቶ የጋራ ሀብትን መጠበቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመንዝ፣ ጓሳ በተባለው የሣር ምድር፣ ባለርስቶቹ ራሳቸው ጠባቂ ይመርጡ፣ ሣሩም እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። በከተማ ግን ነዋሪው ስለሚለዋወጥ የቃል ስምምነት አይበቃም። የኢጣልያዋ ቦሎኛ በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ መሠረት ነዋሪዎችና ማዘጋጃ ቤቱ አንድን አደባባይ ወይም የአትክልት ስፍራ አብረው ለመንከባከብ ይዋዋሉ፣ የእያንዳንዱን ወገን ድርሻም በውሉ ያሰፍሩ ነበር። አድራጊ ግስ ማለት ይህ ነው።

መልመጃ

1. ተስማሚ ባለቤት ፈልጋችሁ ወደ አድራጊ ለውጡ።
ሀ. በመንገዱ ዳር ችግኝ ተተከለ።
ለ. የቦዩ ቆሻሻ አልተነሣም።
ሐ. የመጫወቻ ሜዳው ለግንባታ ተሰጠ።

2. ከሦስቱ ባለቤቱን ለማግኘት ያስቸገራችሁ የትኛው ነው? ስለ ምን?

3. በሠፈራችሁ ስላለ አንድ የጋራ ስፍራ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፉ። ነዋሪው የሚሠራውንና ቀበሌው የሚሠራውን ለዩ። ተደራጊ ግስ ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።