ቁጥርና ምሥጢሩ በቅዱሳት መጻሕፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅዱሳት መጻሕፍትን ገልጦ የሚያነብ ሰው ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ ቁጥርን ሳያገኝ የሚያልፈው ክፍል ጥቂት ነው። የፍጥረት ቀናት በቁጥር ተነግረዋል፤ የአበው ዕድሜ በቁጥር ተመዝግቧል፤ የኖኅ መርከብ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30 ክንድ መሆኑ ተጽፏል (ዘፍ. 6፥15)። ደቀ መዛሙርት ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ያጠመዱት ዓሣ እንኳ 153 ተብሎ ተቈጥሯል (ዮሐ. 21፥11)። ከአምስቱ የኦሪት መጻሕፍትም አንዱ ስሙን ያገኘው ከቈጠራ ነው፤ «ዘኍልቍ» ማለት የቁጥር መጽሐፍ ማለት ነውና።

ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በስደት በምንኖርበት ሀገር በመኪና ሰሌዳ ወይም በመታወቂያ ወረቀት ላይ ሦስት ስድስት ተከታትሎ ሲያይ የሚደነግጥ አለ። የዓለምን ፍጻሜ ዓመት አስልተን አገኘን የሚሉ ሰዎች የበተኑትን ወረቀት አንብቦ ልቡ የሚታወክ አለ። ወደ ሀገር የሚመለስበትን ዘመን ከትንቢት ቁጥር ለማውጣት የሚደክምም አለ። በሌላ ወገን ደግሞ በዚህ ሀገር ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆቻችን «ይህ ሁሉ ቁጥር እውነት ነው ወይስ ምሳሌ?» ብለው ይጠይቁናል። ለሁለቱም ወገን የሚሆን መልስ በአባቶቻችን ትምህርት ውስጥ ስለሚገኝ፣ በዚህ ጽሑፍ በመጠኑ እንመለከተዋለን።

፩. ንባቡና ትርጓሜው

የሀገራችን የመጻሕፍት መምህራን አንድን ቃል ሲተረጕሙ በመጀመሪያ ንባቡን ያጸናሉ፤ ከዚያም «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ያወጣሉ። ትርጓሜው «አንድምታ» የተባለውም ስለዚህ ነው። «አንድም» የሚለው ቃል ራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። የፊተኛውን ሽሮ ሌላ አያቆምም፤ በፊተኛው ላይ ሌላውን ይጨምራል እንጂ። ስለዚህ ምሥጢሩ ንባቡን አያፈርሰውም፤ ንባቡም ምሥጢሩን አያስቀርም።

ከዚህ ተነሥተን ቁጥርን በምናነብበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን ልንጠብቅ ይገባናል። አንደኛ፣ ቁጥሩ በተጻፈበት ታሪክ ውስጥ ምን እንደ ሆነ አስቀድመን መረዳት ነው። ሁለተኛ፣ ምሥጢሩን ከልባችን አንቅተን ሳይሆን ከመጻሕፍትና ከአበው ትምህርት መፈለግ ነው። ሦስተኛ፣ ያገኘነው ትርጓሜ ወደ ንስሐ፣ ወደ ፍቅርና ወደ ተስፋ የሚመራ መሆኑን መመርመር ነው። ፍርሃትንና ትዕቢትን ብቻ የሚያተርፍ ስሌት ስሙ ትርጓሜ ቢባልም ከጥንቆላ አይርቅም።

፪. ታሪክና ምሥጢር የተባበሩባቸው ቁጥሮች

ጌታችን 12 ሐዋርያትን የመረጠው በ12ቱ ነገደ እስራኤል ምሳሌ ነው። ይሁዳ በወደቀ ጊዜ ሐዋርያት «አሥራ አንድ ብንሆን ምን ይጐድላል?» አላሉም፤ ማትያስን ተክተው ቁጥሩን መሉ እንጂ (ሐዋ. 1፥15-26)። ምሥጢሩን ስላወቁ ቁጥሩን በእውነተኛ ሰው ጠበቁት።

ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ 14፣ ከምርኮ እስከ ክርስቶስ 14 አድርጎ በሦስት ይከፍለዋል (ማቴ. 1፥17)። ነገር ግን ዜና መዋዕልን ያነበበ ሰው በኢዮራምና በዖዝያን መካከል አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ የተባሉ ሦስት ነገሥታት እንደ ነበሩ ያውቃል (1ዜና 3፥11-12)፤ ማቴዎስ ግን አልጠቀሳቸውም። ይህም የተዘነጋ ታሪክ አይደለም። በዕብራውያን ልማድ «ወለደ» ማለት ሲወርድ ሲዋረድ ለመጣ የልጅ ልጅም ይነገራል። በዕብራይስጥ ፊደል ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የዳዊት ስም ዳሌጥ 4፣ ዋው 6፣ ዳሌጥ 4 ሆኖ ሲደመር 14 ይሆናል። ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚሉት ወንጌላዊው ሐረጉን በ14 ከፍሎ ሲያቀርብ፣ የመጣው መሲሕ የዳዊት ልጅ መሆኑን በቁጥርም ጭምር ሰብኳል። ሰዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ አቈጣጠሩ ደግሞ ስብከት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ ታዋቂው 318 ነው። አብርሃም ወንድሙ ሎጥ በተማረከ ጊዜ በቤቱ የተወለዱ 318 ብላቴኖችን አሰልፎ ነገሥታቱን ድል ነሣ፤ ሎጥንም አስመለሰ (ዘፍ. 14፥14-16)። በርናባስ መልእክት በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ይህን ቁጥር በጽርእ ፊደል ይተረጕመዋል። 300 የሚጻፍበት ፊደል የመስቀል መልክ አለው፤ 10ና 8 የሚጻፉባቸው ሁለቱ ፊደላት ደግሞ የኢየሱስ ስም መጀመሪያ ናቸው። የእኛ የግእዝ አኃዞችም ከጽርእ ፊደላት የመጡ ስለሆኑ ፲ እና ፰ ብለን ስንጽፍ የእነዚያኑ ፊደላት ዘር እንጽፋለን።

በ325 ዓመተ ምሕረት እንደ ምዕራባውያን አቈጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በዚሁ ቁጥር ይጠራሉ፤ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው እነርሱ ናቸው፤ በስማቸውም ቅዳሴ አለን። በጉባኤው የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ከ250 በላይ ኤጲስ ቆጶሳት ብሎ ሲጽፍ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በአንድ ስፍራ 300 ያህል፣ በኋላ ዘመን ጽሑፉ ደግሞ 318 ይላል። ቤተ ክርስቲያን 318ን አጽንታ የያዘችው፣ አብርሃም ወንድሙን ከምርኮ እንዳስመለሰ አባቶችም ምእመናንን ከአርዮስ ምርኮ ስላስመለሱ ነው። ልጆቻችን ስለ ቁጥሩ ልዩነት ቢጠይቁን ልንሸማቀቅ አይገባንም፤ ይህን ምሥጢር ልናስተምራቸው ይገባል እንጂ።

፫. ሰባ ጊዜ ሰባት

ቅዱስ ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ይል እንደ ሆነ ጌታን በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት አለው (ማቴ. 18፥21-22)። በሒሳብ 490 ይሆናል። ታዲያ 491ኛውን በደል ልንበቀል ተፈቅዶልናልን? አይደለም። የዚህ ቁጥር ፍቺ ያለው በኦሪት ነው። ከቃየል ዘር የሆነው ላሜሕ ለቃየል ሰባት እጥፍ፣ ለእኔ ግን ሰባ ሰባት እጥፍ በቀል ይሁን ብሎ ተመካ (ዘፍ. 4፥24)። ጌታችን የላሜሕን የበቀል ቁጥር ወስዶ የይቅርታ ቁጥር አደረገው። ላሜሕ በቀልን ወሰን ባሳጣበት ልክ፣ ክርስቲያን ይቅርታን ወሰን እንዲያሳጣ ታዘዘ።

በአንድ አጥቢያ ተሰብስበን ሳለን፣ ከዓመታት በፊት በስብሰባ ላይ የተነገረውን ቃል ቈጥረን የያዝን ስንት ነን? በደልን የሚቈጥር ሰው ሰባ ጊዜ ሰባትን ገና አላነበበም። እዚህ ላይ ቁጥሩ የተሰጠው መቍጠርን እንድንተው ነው።

፬. የስደት ቁጥር፤ ሰባ ዓመት

ለእኛ ለስደተኞች ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ቁጥር ኤርምያስ ለባቢሎን ምርኮኞች የተናገረው 70 ዓመት ነው (ኤር. 25፥11፤ 29፥10)።

ንባቡን አስቀድመን እንይ። ናቡከደነፆር በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኢየሩሳሌምን አፈረሰ፤ ቤተ መቅደሱንም አቃጠለ። ቂሮስ ባቢሎንን ድል ነሥቶ በ538 ምርኮኞቹ እንዲመለሱ አዋጅ ነገረ፤ ሁለተኛው ቤተ መቅደስም በ515 ገደማ ተፈጸመ። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰበት እስከ ታደሰበት 70 ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በታሪክ የተፈጸመ ነው።

ምሥጢሩስ? አንድም፣ ምድሪቱ የተነፈገችውን ሰንበት ዐረፈች ይላል ዜና መዋዕል (2ዜና 36፥21)፤ ሰባት የሰንበት ቁጥር ነውና፣ ሰባ የሰንበት ሙላት ነው። አንድም፣ መዝሙረኛው እንዳለ ሰባ ዓመት የሰው ዕድሜ ነው (መዝ. 89፥10)። ይህም ማለት ጐልማሳ ሆኖ የተማረከ ሰው ተመልሶ አያይም፤ ልጁና የልጅ ልጁ ያያሉ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ተነሥቶ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል አለ (ኤር. 28)። ለሕዝቡ ጆሮ ጣፋጭ ቁጥር ነበር። ኤርምያስ እንኳ በመጀመሪያ «አሜን፤ እንዳልኸው ያድርግልን» አለ፤ እርሱም መመለሱን ይወድ ነበርና። ነገር ግን ቃሉ ከእግዚአብሔር አልነበረም፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

ኤርምያስ ከዚያ በኋላ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለሚኖሩባት ከተማም ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው (ኤር. 29፥5-7)። ልብ እንበል፤ ሁለት ዓመት ያለው ሐናንያ ሕዝቡን ሻንጣ ሳይፈታ በር ላይ አስቀመጠ። ሰባ ዓመት ያለው ኤርምያስ ግን ሕዝቡ ልጆቹን እያስተማረ፣ እምነቱን እየጠበቀ እንዲኖር አደረገ። በተመለሱም ጊዜ ቤተ መቅደሱን የሠሩት በባቢሎን ያደጉ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ቋንቋውን፣ መዝሙሩንና ሕጉን ባያስተምሯቸው ኖሮ ማን ይመለስ ነበር?

ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክም በዚህ ቁጥር ውስጥ ስፍራ አለው (ኤር. 38፥7-13)። በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት ተኛ፤ ሲነቃ በመሶቡ ያለው በለስ እንደ ተቈረጠበት ቀን ትኩስ ነበር። እግዚአብሔር የስደትን ዘመን ሁሉ ያለ መበስበስ ሊጠብቅ እንደሚችል በዚህ እንማራለን።

ነቢዩ ዳንኤልስ የሰባውን ዓመት ቁጥር ከመጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ ምን አደረገ? ቀኑን ለሕዝብ አላወጀም። ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ስለ ራሱና ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ተናዘዘ (ዳን. 9፥2-19)። የቁጥር ትክክለኛ አንባቢ እርሱ ነው።

፭. 666ና ስምንተኛው ሺህ

የአውሬው ቁጥር 666 መሆኑ በራእይ 13፥18 ተጽፏል። የቅዱስ ዮሐንስን ደቀ መዝሙር ቅዱስ ፖሊካርፐስን በልጅነቱ ያየው ቅዱስ ሄሬኔዎስ፣ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ቁጥር ጋር የሚስማሙ ልዩ ልዩ ስሞችን ጠቅሶ፣ ነገር ግን ይህ ነው ብሎ በድፍረት ከመናገር ፍጻሜውን መጠበቅ እንደሚሻል አስተማረ። ለሐዋርያት ዘመን ይህን ያህል የቀረበ አባት ያልደፈረውን ዛሬ በድፍረት የሚናገር ሰው ቢገጥመን ልንጠራጠረው ይገባል። ብዙ ሊቃውንት ቁጥሩ በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ «ኔሮን ቄሣር» የሚለውን ስም እንደሚሰጥ ያሳያሉ። አንድም፣ ስድስት ከሰባት የጐደለ ነውና ሦስት ጊዜ ቢደጋገም እንኳ ፍጹም አይሆንም፤ አምላክ ነኝ የሚል ፍጡር ሁሉ ምሳሌው ይህ ነው።

ምዕራፉ ምልክቱን ከአምልኮ ጋር እንጂ ከሰሌዳ ጋር አያያይዘውም (ራእ. 13፥15-17)። የሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ የበጉና የአባቱ ስም በግንባራቸው የተጻፈ 144,000 ሰዎችን ያሳየናል (ራእ. 14፥1)። ይህም 12 በ12 ተባዝቶ፣ በሺህ ሲበዛ ነው፤ የብሉይና የሐዲስ ሕዝብ ሙላት ማለት ነው። ጥቂቶች ብቻ ይድናሉ እንዳይባልም፣ ዮሐንስ በምዕራፍ 7 ይህንኑ ቁጥር ከሰማ በኋላ ማንም ሊቈጥራቸው የማይችል ብዙ ሕዝብ ከቋንቋና ከወገን ሁሉ ቆመው አየ (ራእ. 7፥4-9)። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን በቅዱስ ሜሮን ስንታተም ግንባራችን ባለቤት አግኝቷል። የታተመ ሰው ሰሌዳ አይፈራም።

ሕዝባችን ያልለመደውን ነገር ሲያይ «ስምንተኛው ሺህ ነው» ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለ ሆነ (2ጴጥ. 3፥8) 5500 ዓመት ሆኖ ተቈጥሯል። ከልደት በኋላ 1500 ሲጨመርበት 7000 ይሞላል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከገባም ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ቀኑን ለማወቅ ያልተፈቀደልን መሆኑን የሚናገረው የጌታ ቃል ጸንቶ ኖሯል (ሐዋ. 1፥7)።

፮. ማጠቃለያ

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችን ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ ምሳሌ ብለው ሲጠይቁን «ታሪክም ነው፤ አንድም ምሥጢር ነው» ብለን ከመጽሐፉ እያሳየን እንመልስላቸው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ለምን 55 ቀን እንደ ሆነ እናስረዳቸው፤ መጀመሪያው ክፍል 8፣ ጌታ የጾመው 40፣ ሰሙነ ሕማማት 7 ነው። የሚያስፈራራን ስሌት ሲመጣብን በሦስቱ መመዘኛዎች እንመርምረው። የቀረን ዘመን ሁለትም ይሁን ሰባ፣ ቤት መሥራቱን፣ ልጅ ማስተማሩንና ለምንኖርባት ከተማ መጸለዩን አንተው።

የራሳችንን ጠጕር እንኳ የቈጠረ አምላክ (ማቴ. 10፥30) ዘመነ ስደታችንን ቈጥሮ ያውቀዋል። እርሱ ይቍጠር፤ እኛ እንታመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።