በመጨረሻው ሕመም ጊዜ የቤተ ሰብ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን የማይድን ሕመም ስለያዘው ሰውና ስለ አስታማሚዎቹ ነው። የታመመን መጠየቅ ጌታችን በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን ምግባር አንዱ መሆኑን ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ የሚያድን ሕክምና የለም ባለ ጊዜስ ምን እንናገር? ምን እናድርግ? ምንስ እንተው? በየተራ እንመልከተው።

አንደኛ፦ እውነቱን ለባለቤቱ መንገር

በብዙ ቤት የሚሆነውን እናውቃለን። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ያስቆሙትና “አደራ ዶክተር፣ ለእሳቸው እንዳይነገርብን” ይሉታል። አባት ሲጠይቁ “ጨጓራ ነው፣ ይሻልዎታል” ይባላሉ። ጎረቤት ያውቃል፤ ዕድርተኛው ያውቃል፤ ውጭ አገር ያለው ልጅ ቲኬት ይቆርጣል፤ የማያውቁት ታማሚው ብቻ ናቸው። እንዲህ የሚያደርጉት ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ በድንጋጤ ይሞቱብናል ብለው የሰጉ ናቸው።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው፣ ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ እግዚአብሔር ነቢዩ ኢሳይያስን ላከበት። ነቢዩ ሹማምንቱን ለብቻ ጠርቶ አላማከረም፤ እንደሚሞትና ቤቱን ማደራጀት እንዳለበት ለራሱ ለንጉሡ ነገረው። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ልብ በሉ፤ ያ ጸሎት የመጣው እውነቱን ከሰማ በኋላ ነው። ለሕሙም ሁሉ 15 ዓመት ይጨመርለታል ማለት አይደለም። የመጸለያና የማልቀሻ ጊዜ ግን ለሕሙም ሁሉ ይገባዋል፤ ስንደብቅ የምንወስድበት እርሱን ነው።

መንገርም ወግ አለው። ለመርዶ እንኳ ሰዓቱንና ነጋሪውን የምንመርጥ ሕዝብ ነን፤ ለዚህማ እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅ! አስቀድሞ “ስለ ሕመምዎ ምን ያህል እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። “ለትልቋ ልጄ ንገሯት፣ እኔን ተዉኝ” ያለ ሰው ፈቃዱ ይከበርለት። “ልወቅ” ያለ ግን፣ የሚያምነው ሰውና የንስሐ አባቱ ባሉበት፣ ረጋ ተብሎ ይነገረው።

ሁለተኛ፦ ንስሐ፣ ቀንዲልና ኑዛዜ ሳይዘገዩ

ካህን ከተጠራ “መሞቴ ነው” ብሎ ይሰጋል በማለት ቀንዲሉን እስከ ጣር የሚያቆዩ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 መሠረት ምሥጢረ ቀንዲል የተሠራው ለታመመ ሰው ፈውስና ለኃጢአቱ ስርየት ነው፤ ለሙታንማ ፍትሐት አለላቸው። ቅዱስ ቁርባንም እንዲሁ ነው። ሕመሙ ሲጸና መዋጥ ይሳነዋል፤ ሐሳቡም ይበተናል። ያን ጊዜ ካህን ቢሮጥ ሊናዘዝ የሚችል ሰው አያገኝም። ስለዚህ የንስሐ አባት የሚጠራው ሕሙሙ መናገርና መዋጥ እየቻለ ሳለ ነው።

የምድሩም ጉዳይ አይናቅ። ያዕቆብ በዘፍጥረት ምዕራፍ 49 ልጆቹን ሰብስቦ ባርኳል፤ የት እንደሚቀብሩትም አዟል። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። በአገራችን ሕግ ደግሞ የቃል ኑዛዜ አቅሙ ትንሽ ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገር የቃል ኑዛዜን ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጉዳይና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ይፈቅደዋል። ለቤትና ለመሬት የጽሑፍ ኑዛዜ ያስፈልጋል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። እውነቱ የተደበቀበት አባት ኑዛዜ ሳይጽፍ ያልፋል፤ ከተዝካሩም በፊት ልጆቹ ችሎት ይቆማሉ።

ሦስተኛ፦ መድኃኒትና ጸሎት አይጣሉም

በጠበል አምነናልና መድኃኒት እናቁም የሚሉ አሉ። ሕዝቅያስን የጎበኘው ያው ነቢይ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዟል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ጠበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል።

ስለ ሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ነው። “ስቃይን በትዕግሥት መቀበል ዋጋ ያሰጣል፤ ለምን ሞርፊን ይሰጠዋል?” የሚል ይኖራል። ትዕግሥት ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ትዕግሥቱ የታማሚው ነው፣ ማስታገስ ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው። ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ እንጂ ቁስለኛውን ታገሥ ብሎ አላለፈውም። በካንሰር ስቃይ ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ሰው አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ መጨረስ ያቅተዋል፤ ሕመሙ ሲበርድለት ግን ይጸልያል፣ ልጆቹን ያነጋግራል። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው የማስታገሻ ሕክምና ሥራው ይህ ነው። በአዲስ አበባ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያገለግለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ይታወቃል።

አራተኛ፦ መግደልና መተው ይለያያሉ

ሕይወት የእግዚአብሔር ናትና ሕሙሙ ቢለምን እንኳ ማንም በመርፌም ሆነ በክኒን ሊገድለው አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ራሱን እንዲያጠፋ ሰውን መርዳት በአንቀጽ 542 ያስቀጣል። “ምነው በሞትኩ” ላለ ሕሙም የሚሰጠውን መልስ ከኤልያስ ታሪክ እንማር፤ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር መልአኩን በእንጎቻና በውኃ ላከለት፣ አስተኛው፣ ዳግመኛም ቀስቅሶ መገበው። ሞትን የሚመኝ ሕሙም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የስቃዩን መብረድ፣ ዕረፍትንና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰውን ነው።

ይሁን እንጂ ሊያድን የማይችልን ሕክምና መተው መግደል አይደለም። ሰውነቱ እየተሰናበተ ያለን ሰው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማስገባት፣ በመተንፈሻ ማሽን ማቆየት፣ ለዚያም ቤት መሸጥ ግዴታ አይደለም። ሐኪሙን “ይህ ሕክምና ይፈውሰዋል ወይስ ጣሩን ያረዝመዋል?” ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እናትና አባትን ማክበር በዕዳ ብዛት አይለካም። ምግብም ሲዘጋው “ሳይበላ ሞተ እንዳይባል” ተብሎ በግድ አይጎረስ፤ ሊታነቅ ይችላል። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ማራስ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ እጁን መያዝ የዚያን ሰዓት አገልግሎት ነው።

በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሆስፒታሎች ሕሙሙ ስለ ሕክምናው አስቀድሞ በጽሑፍ የመወሰንና ተወካይ የመሰየም መብት እንዳለው እንዲያሳውቁ ያዛል። ያን ቅጽ እንደ ሟርት አትፍሩት፤ በጤናችሁ ከቤተ ሰባችሁና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ ሙሉት።

እንግዲህ ምእመናን፣ ዛሬ ቤታችሁ የተኛ ሕሙም ካለ ሦስት ነገር አድርጉ። ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ የንስሐ አባቱን ጥሩለት፤ ሐኪሙን ስለ ማስታገሻ አነጋግሩ። ጤነኞች የሆናችሁም ፈቃዳችሁን ለቤተ ሰባችሁ አሁኑኑ ንገሩ። ሞቱ የሕሙሙ ነው፤ ዝግጅቱም የእርሱ ነውና አትንፈጉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።