የገጽ ሸካራነትና ሙቀትን የመከላከል አቅም፦ ከመንኮራኩር ገላ እስከ ከፋ ደን

አየር በአንድ ገጽ ላይ ሲያልፍ ሙቀት የሚለዋወጠው ገጹን በሸፈነው ስስ የአየር ንብርብር በኩል ነው። ገጹ ልሙጥ ሲሆን ንብርብሩ ረግቶ ይፈስሳል፤ ሸካራ ሲሆን ይታወካል፤ የሙቀት ልውውጡም ይበረታል። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. የአሜሪካ መንኮራኩር ዲስከቨሪ ወደ ምድር ከመመለሷ በፊት፣ ጠፈርተኛው ስቲቨን ሮቢንሰን ከሙቀት መከላከያ ሰቆቿ መካከል ያፈነገጡ ሁለት የክፍተት መሙያዎችን በእጁ የነቀለው በዚህ ሥጋት ነበር። ሦስት ሴንቲሜትር የማይሞላ ጉብታ ፍሰቱን ያለጊዜው አውኮ የገላዋን ሙቀት ሊያንር ይችል ነበር።

ይኸው ሕግ በከፋ ደኖች ላይ የተገላቢጦሽ ውጤት አለው። በመንኮራኩር ላይ ሙቀት ከአየር ወደ ገጹ ይገባል፤ ፀሐይ ባሞቀው ደን ላይ ግን ከቅጠሉ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ለአንዱ ጠንቅ የሆነው ሸካራነት ለሌላው ጋሻ ነው።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በሺሺንዳና በቦንጋ አካባቢ ላለው የተፈጥሮ ደን 25 ሜትር፣ በውሽውሽ እንደሚታየው እኩል ለተከረከመ የሻይ ማሳ ደግሞ 1 ሜትር ቁመት ይወሰድ። በተለመደው ግምት የሸካራነት ርዝመት የቁመቱ አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ፍሰቱ ከመሬት የሚነሣበት ከፍታ ሁለት ሦስተኛው ነው። በ50 ሜትር ከፍታ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ቢነፍስ፣ በሎጋሪዝማዊው የነፋስ ቀመር መሠረት የአየር ተቃውሞው ለደኑ በሜትር 14 ሰከንድ፣ ለሻዩ 80 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም በካሬ ሜትር 100 ዋት ሙቀት ወደ አየር ቢለቁ፣ የደኑ ገጽ ከአየሩ በ1.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ የሻዩ ገጽ በ8 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል።

ቀመሩ የረጋ ከባቢ አየርን ስለሚያስብ፣ በቀትር የሞቀ አየር ሽቅብ መውጣት ልዩነቱን ያጠብበዋል። የቅጠሎች ትነትም በስሌቱ አልተካተተም። ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነው።

የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ የዱር ቡናም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል። ጥላው ለቡናው የሚጠቅመው ብርሃንን በማገድ ብቻ ሳይሆን፣ ያገደውን ሙቀት ከፍና ዝቅ ባለው አናቱ በኩል ለነፋስ በማስረከብም ነው። ስለዚህ ደን ሲሳሳ የሚቀረውን የጥላ መጠን ብቻ መለካት በቂ አይደለም፤ የዛፎቹ ቁመትና የቁመታቸው መለያየትም ሊመዘን ይገባል።