መረጃ ሲበዛ ዕውቀት ይበዛልን?



የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 እንደሚተርከው፣ የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን የነቢይ መጽሐፍ በግል መያዝ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው። ጃንደረባው መጽሐፉ አለው፤ ማንበብ ይችላል፤ መንገዱም ረጅም ስለሆነ ጊዜ አላጣም። ሆኖም ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። መጽሐፉን በእጁ መያዙን ከማስተዋል ጋር አላደባለቀውም።

ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከዚያ ሠረገላ እጅግ የበለጠ ተሸክሟል። ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት፣ ድርሳናትና ገድላት፣ ከአገር ቤትም ከባሕር ማዶም የሚተላለፈው ስብከት ሁሉ በውስጡ ይገኛል። ከወላጆች መካከል ልጆቻቸው ከስልኩ የተነሣ ሁሉን ዐዋቂ እንደሆኑ የሚናገሩ አሉ፤ ልጆቻችን ደነዙብን ብለው የሚያዝኑም አሉ። ለዲቁና የሚዘጋጁ ወጣቶች ዜማውን በቃላቸው ሊያጠኑ ይገባልን ወይስ ከስልክ እያነበቡ ቢያገለግሉ ይበቃል የሚለው ጥያቄም በየሰበካው እየተነሣ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር አስፈልጎናል።

ክርክሩ ስልክ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ግብፆች ያመልኩት የነበረው ቴውት ጽሕፈትን ፈልስፎ ለንጉሥ ታሙስ ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ እንዳልተቀበለው ይተርካል። ጽሕፈት ሰዎችን መርሳት ያስለምዳቸዋል፣ ሳይማሩም የተማሩ ያስመስላቸዋል ብሎ ነበር የነቀፈው። (ይህን ነቀፋ ለእኛ ያደረሰልን ያው የተነቀፈው ጽሕፈት መሆኑ ያስደንቃል።) የእኛ አበው ግን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ጽሕፈትን አመስግነዋል።

ይህን ያሉት አበው ታዲያ በመጽሐፍ ተጽፏል ብለው በቃል መያዝን አልተዉም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ በቀን ብርሃን ከመጽሐፍ ይጠናል፤ ውዳሴ ማርያምና መልክዐ ማርያም ግን ምሽት ላይ፣ ፊደል ሊታይ በማይችልበት ሰዓት፣ የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ እየነገረ ታናሾቹ እየተቀበሉ በቃል ይያዛሉ። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። የመጻሕፍት ቤት ተማሪዎችም መምህሩ ከጉባኤው ከተነሡ በኋላ ለብቻቸው ተቀምጠው የሰሙትን ትርጓሜ ይቀጽላሉ፤ ይኸውም አንዱ ለሌላው እየመለሰ፣ የጎደለውን እየሞላ፣ እስኪረጋ ድረስ ያወጡታል ያወርዱታል። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ለዓመታት ሊያስተምሩ የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው። መጽሐፉ ቢወሰድባቸው ትምህርታቸው አብሮ አይወሰድም።

ይህ የቆየ ልማድ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በስደት ካሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሚተዳደሩበት ከታክሲ ሥራ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በለንደን ከተማ የጥቁሩን ታክሲ ፈቃድ ለማግኘት «ዕውቀት» ተብሎ የሚጠራውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው ከ1865 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ተፈታኙ ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በስድስት ማይል ክልል ያሉትን ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶች በቃሉ ማወቅ ይጠበቅበታል። ይህም ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሌነር ማጓየር የተባሉ የለንደን ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ነጂዎች አንጎል መርምረው በ2000 ባወጡት ጥናት፣ መንገድንና ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በኋለኛው በኩል ከሌሎች ሰዎች ሰፍቶ አገኙት። በ2006 ደግሞ በዚያው ከተማ ከሚነዱ የአውቶቡስ ነጂዎች ጋር ሲያስተያዩአቸው፣ በተወሰነ መስመር የሚመላለሱት የአውቶቡስ ነጂዎች ይህ ለውጥ አልታየባቸውም። በ2011 የወጣው ጥናት ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። ትምህርቱን የጀመሩ 79 ሰዎች ከመጀመሪያው ተመርምረው ከዓመታት በኋላ ፈተናውን ያለፉት 39 ነበሩ፤ የአንጎል ለውጥ የታየውም ባለፉት ብቻ ነው። እንግዲህ ካርታው ለሁሉም አንድ ነበር፤ የተለወጠው ግን ካርታውን ወደ ውስጡ ያስገባው ሰው ነው። ይህ ትርፍ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ነጂዎቹ አንዳንድ አዳዲስ ነገሮችን በማስታወስ ከሌሎች ደከም ብለው ተገኝተዋል።

በተቃራኒው በ2011 በአሜሪካ በወጣ ሌላ ጥናት፣ የጻፉት ነገር በኮምፒዩተር ተቀምጦ እንደሚቆይ ያመኑ ሰዎች ይጠፋል ከተባሉት ያነሰ አስታወሱ። ከዚህ ጥናት ሙከራዎች አንዱ በ2018 ሲደገም ያንኑ ውጤት ስላላስገኘ፣ እንደ ፍጹም ማስረጃ ልንይዘው አንሻም።

የሰው አእምሮ በጠቅላላው ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ የሚለውም ቢሆን በአንድ ቃል አይመለስም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች የአእምሮ መመዘኛ ፈተና ውጤት በየዐሥር ዓመቱ ወደ ሦስት ነጥብ ያህል እያደገ ሄዷል። በኖርዌይ ለወታደርነት የተፈተኑ ወጣቶች ውጤት ግን ከ1975 በኋላ ከተወለዱት ጀምሮ መውረዱ በ2018 ታትሟል። ይህን በስልክ ላይ የሚያላክኩ አሉ። እነዚያ ወጣቶች መፈተን የጀመሩት ግን በ1990ዎቹ፣ የዛሬው ዓይነት ስልክ ገና ሳይኖር ስለሆነ፣ ክሱ ቸኩሎ የመጣ ይመስለናል።

ስለዚህ መሣሪያውን መርገም አይገባንም። በስደት የተወለደ ልጅ በአጠገቡ የኔታ የሉትም። ቀድሞ በካሴት፣ ዛሬ በስልክ የሚደርሰው ድምፅ ባይኖር የያሬድን ዜማ በየሳምንቱ እንኳ ሳይሰማ ሊያድግ ይችል ነበር። ነገር ግን መረጃ የሚጠቅመው ቀድሞ ጥቂት ቀለም የዘለቀውን ሰው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ የግእዝ ቃል ተጠይቆ የተሳሳተ ፍቺ ሲሰጥ፣ ስሕተቱን የሚያውቅበት ግሥ ያጠና ብቻ ነው፤ ያላጠናው አመስግኖ ይቀበላል። በአንድ ሳምንት የዐሥር ሰባክያንን ቃል ሰምቶ አንዱንም ለቤተሰቡ መድገም የማይችል ምእመንም ብዙ ሰማ እንጂ ተማረ ለማለት ያስቸግረናል።

ወደ ዲያቆናቱ ጥያቄ እንመለስ። ውሳኔው የካህናት አባቶቻችን ነው። መጽሐፈ ቅዳሴ በመቅደስ መዘርጋቱ ከጥንት የነበረ ስለሆነ አይቶ ማንበብ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚያውቀውን ለማስታወስ የሚያይና የማያውቀውን ለመሸፈን የሚያይ አንድ አይደሉም፤ ሕዝቡም ከዜማው ይለያቸዋል። ባትሪ ያለቀ ዕለትማ ማንም ይለያቸዋል።

በየቤቱ ሊጀመር የሚችለው ግን ፈቃድ የሚያስፈልገው አይደለም። ውዳሴ ማርያም ለየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ የሰኞውን ብቻ መያዝ ይቻላል። ልጁ ድምፁን ከስልክ ሦስት አራት ጊዜ ይስማ፤ ከዚያም ስልኩ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድና በቃሉ ለወላጁ ይመልስ። ግእዝ የማያውቅ ወላጅ እንኳ ፊደል ከለየ መጽሐፉን ይዞ በጣቱ እየተከተለ ልጁ የዘለለውን ቃል ሊያገኘው ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ማክሰኞው ከመሻገር በፊት የሰኞው እንደገና ይጠየቅ።