ውኃ የማይገባበት የእህል ጉድጓድ

በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ማሽላውን የሚያኖረው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ልክ እንደ እንስራ ነው። አፉ አንድ ሰው ብቻ ያሾልካል፤ ሆዱ ግን ብዙ ኩንታል ይይዛል። ይህን አሠራር ከኋላ ቀርነት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። የተቀበረ እህል እሳት አያገኘውም። ሌባ በቀላሉ አያየውም። እንደ ጎተራም ብዙ እንጨት አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ አፉ ጠበቅ ተደርጎ ከተደፈነ ነቀዝ ይሞትበታል። እንዴት ቢሉ፣ ነቀዙ ይተነፍሳል፤ እህሉም ይተነፍሳል። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ንጹሕ አየር ሲያልቅ ነቀዙ ታፍኖ ያልቃል።

ታዲያ ጉድጓዱን የሚያሸንፈው ምንድን ነው? ውኃ ነው። ማሽላው ተወቅቶ ጉድጓድ የሚገባው በበጋ ነው። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ክረምቱ። ቤተሰብ እህሉን አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው። በሐምሌ ጉድጓዱ ተከፍቶ እህሉ ሻግቶና ተጋግሮ ቢገኝ ምን ይደረጋል? እህል በተወደደበት ወር ገበያ ወርዶ መግዛት ነው፤ ገንዘብ ካለ።

ውኃን መከላከል የሚጀምረው ከመቆፈር በፊት ነው። ጉድጓድ ከፍ ባለና ውኃ በማይተኛበት ቦታ ይቆፈር። ከወራጅ ውኃ፣ ከቦይና ከከብቶች በረት ይራቅ፤ የከብት ሽንትም ውኃ ነው እኮ! ዛፍ ሥር መቆፈርም ጥሩ አይደለም። ሥሩ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ሥሩ ሲበሰብስም ለውኃ መንገድ ይተዋል። ምስጥ ያለበት መሬትም እንዲሁ ነው። ዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያው ስንጥቅ ሰተት ብሎ ይወርዳል። ጠንካራና የማይሰነጠቅ አፈር ይመረጣል። ቤት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ጣሪያ ስላለው ከላይ ከሚመጣው ዝናብ ይድናል። ከጎን ከሚሰርገው ግን አይድንም።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ብዙዎች ግድግዳውን በጭቃና በእበት ይመርጉና ገለባ ያለብሱታል። ገለባው እህሉ አፈሩን እንዳይነካ ይጠብቃል። ነገር ግን ገለባ ውኃ ይመጣል እንጂ ውኃ አያግድም። የዓምናው ገለባ እርጥበትና ሻጋታ ይዞ ስለሚቆይ በየዓመቱ ወጥቶ ይጣል፤ ጉድጓዱም ተከፍቶ በደንብ ይድረቅ። ውኃን በእውነት የሚያግደው ወፍራም ላስቲክ ነው። ላስቲኩ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ቢሆን ይመረጣል። ግድግዳው ላይ የሾለ ድንጋይና ሥር እንዳይወጋው መጀመሪያ ደረቅ ገለባ ይደረግ፤ ላስቲኩ ከዚያ በላይ ይዘርጋ። እህሉ ከሞላ በኋላ የላስቲኩ አፍ ተጠምዞ ይታሰር። ሲሚንቶ የሚያስለስኑም አሉ። ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ብቻውን ግን እርጥበት ያሳልፋል። ገንዘብ ፈሶበት ይህን አለማወቅ ያሳዝናል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ውኃ እንድረስ። ይህ ውኃ ከዝናብ አይመጣም፤ እህሉ ራሱ ተሸክሞት ይገባል። በሚገባ ያልደረቀ ማሽላ ጉድጓዱ የቱንም ያህል ቢደፈን ይሻግታል። እንዲያውም መደፈኑ እርጥበቱን መውጫ ያሳጣዋል። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ መፈተን የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ የተሻለው የጨው ፈተና ነው። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ይወሰድ። እስከ ሲሶው እህል ይጨመርበት። ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይታከልና ይከደን። አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ተንጦ፣ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውኃ አለው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀስ? ከ15 በታች ነው ማለት ነው። ሆኖም ለወራት ለሚቀበር እህል 12 ወይም 13 ይሻላልና አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት ነው። ደግሞ ከፀሐይ እንደ ተነሣ ትኩሱን አይገልበጥ። ትኩስ እህል ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ያልባል። ጥላ ሥር በርዶ ይግባ።

አፉ በእንጨትና በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል፤ ከላዩ ጭቃ ይመረግና አፈር ይከመርበታል። ክምሩ ከመሬቱ ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ይሁን፤ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለት። ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር አየርና እርጥበት ይገባል፤ የተረፈ ነቀዝም ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ትናንሾች ይሻላሉ። አንዱ ሲከፈት ሌሎቹ እንደ ተደፈኑ ይቆያሉ።

ሲከፈት ግን ጥንቃቄ! ነቀዙን የገደለው አየር ሰውንም ይገድላል። ይህ የታፈነ አየር ከባድ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አይታይም። የወረደው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚወርደውም እላዩ ላይ ይወድቃል። በአንድ ጉድጓድ ወንድማማቾች የሚያልቁት በዚህ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተከፍቶ ይናፈስ፤ በቅጠል ወይም በጨርቅ አየሩ ይማሰል። ኩራዝ በገመድ ይውረድ፤ ከጠፋ ማንም አይግባ። ባይጠፋም ፍጹም ማረጋገጫ አይደለም። የሚወርደው ሰው ብብቱ ሥር በገመድ ይታሰር፤ ገመዱን ሁለት ጎበዞች ውጭ ሆነው ይያዙ። ከላይ ሆኖ መቅዳት እስከ ተቻለ ድረስ ግን ባይወረድ ነው የሚሻለው።

የሻገተው እህል ከደህናው አይደባለቅ። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጉበትን ይጎዳል። ማጠብም መቀቀልም ፈጽሞ አያጠፋውም። ለላሟ ቢሰጥም መርዙ በወተቷ ወደ ልጆች ይመለሳል።

የዘር ማሽላ ከነጭራሹ ጉድጓድ አይግባ። እርጥበትና የታፈነ አየር የመብቀል ኃይሉን ያዳክሙታል። ዛላው ከነፍሬው ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል።