የአገው ምድር ፈረስ

ባላገር የሚለማው በምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው በመንገድ፥ በማዳበሪያና በመልካም ዘር ነው ብሎ ይመልሳል። ይህስ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሰው በዓልንና የእጅ ጥበብን ከሥራ የተረፈ የዕረፍት ጊዜ ነገር አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ በዚህ ይሳሳታል። ተማሪ ሆይ፥ ስለዚህ ነገር ወደ አዊ አገር ተመልከት።

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሰባት ቤት አገው ይባላል። በዚያ አገር ፈረስ ለመቀመጫና ለጭነት ብቻ አይደለም፤ በሬ ያነሰው ገበሬ በፈረስ ያርሳል። ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛ ይህን ሲያይ ቆሞ ይደነቃል።

በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተዋጉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ፥ በ1932 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። ዘመኑን ልብ በል፤ ጠላት ገና ከአገራችን አልወጣም ነበር። ፈረሰኞቹ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በእንጅባራ ይሰበሰባሉ፤ በዚያም ሽምጥ ይጋልባሉ፥ ስግሪያ ያሳያሉ፥ ጉግስም ይጫወታሉ። የማኅበሩ አባላት ዛሬ ከ60 ሺህ ይበልጣሉ ይባላል።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ ለገበሬው ምን ይረባዋል? በሕዝብ ፊት የሚወጣ ሰው ፈረሱ ከስቶ፥ ጀርባውም ገጥቦ እንዲታይበት አይወድም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሣር ያጭድለታል፥ ቍስሉን ያጥብለታል፤ ባዝራውንም ከመልካም ድንጉላ ጋራ ያገናኛታል። ለጥር ያማረው ፈረስ የእርሻ ወራት ሲደርስ ቀንበር ይሸከማል። ኮርቻ የሚሠራው፥ ጠፍር የሚያለፋው፥ እርካብና ልጓም የሚቀጠቅጠው፥ ግላስም የሚሰፋው ሁሉ ከዚህ እንጀራ ያገኛል። እነዚህን ባለ እጆች ሰው ቀጥቃጭና ፋቂ እያለ ሲሰድባቸው ኖሯል፤ ይህ ታላቅ ነውር ነው፤ ያለ እነርሱ አንድ ፈረሰኛ እንኳ ከደጁ አይወጣምና።

ፈረሰኞቹም የሚገናኙት በበዓል ቀን ብቻ አይደለም፤ ሙሽራ ያጅባሉ፥ ለቅሶም ይደርሳሉ። አብሮ የሚጋልብ ጎረቤት ቂም ይዞ ብዙ ጊዜ መቈየት አይሆንለትም።

የሚያሰጋ ነገር ግን አለ። የግጦሽ መሬት ሲጠብ ፈረስ ማኖር ይከብዳል፤ ፈረስ በውዳሴ አይጠግብም። በዓሉም ለእንግዳ ዓይን ብቻ የሚደረግ ከሆነ፥ ፈረሱ አንድ ቀን አጊጦ ዓመቱን በረኀብ ያሳልፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የኮርቻ ሠሪው ነገር ነው። ይህ ጥበብ በመጽሐፍ ንባብ ብቻ አይያዝም፤ የእንጨቱን ጕብጠትና የቍርበቱን ርጥበት በእጅ እየዳሰሱ፥ ሽማግሌው ሳለ ይማሩታል። ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ሄደህ እንዲህ ያለ ሰው ብታገኝ፥ ሰላምታ ሰጥተህ በአጠገቡ ተቀመጥ፤ ኮርቻውንም ከምን እንጨት እንደሚጠርበው ጠይቀው።