ልጁ ሲከተብ እናቱም ትለካ

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት፣ ከዋገጠራም ሆነ ከቅድስት ሐና ተነስቶ ወረታ መድረስ ለነፍሰ ጡር ፈተና ነው። ወቅቱ ደግሞ የሩዝ አረም ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ ያረመች ሴት እግሯ ቢያብጥ «ድካም ነው» ይባላል፤ ራሷን ቢፈልጣት «ምች መታት» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። የእግር እብጠትስ በእርግዝና የተለመደ ነው። ፊትና እጅ ካበጠ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ከጎድን በታች ከወጋ፣ ራስ ምታቱም አልለቅ ካለ ግን ማደር የለባትም።

ይህ ሕመም ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ፕሮቲን በሽንት ይወጣል። ኩላሊት ደምን እንደ ወንፊት ያጣራል፤ ሕመሙ ወንፊቱን ይጎዳውና መቅረት ያለበት ያመልጣል። ችላ ከተባለ ያንቀጠቅጣል። ይህን መንቀጥቀጥ «ለከፍት ነው» ብሎ ጠበል ብቻ ይዞ መሄድ እናት ያሳጣል፤ የማግኒዚየም ሰልፌት መርፌ ያለው ሕክምና ቤት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከወሊድ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። «ማርያም ማረቻት» ከተባለ፣ ገንፎው ከተበላ በኋላ ግፊቷን የሚያስታውስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ በመጀመሪያ እርግዝናቸው ይህ ሕመም የያዛቸው ሴቶች ውሎ አድሮ ኩላሊታቸው ሥራ የማቆም ዕድሉ ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። እዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ለደረሰባት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ማለት ነው። ለገበሬ ቤተሰብ ይህ የሚቻል ወጪ አይደለም።

ደግነቱ ቀጠሮው ቀድሞም አለ። ልጁ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። እናቲቱም ያን ዕለት «እህቴ፣ በእርግዝናዬ ግፊት ነበረብኝ፤ ለኪኝ» ትበል። በ14ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ ሽንቷንም ትመርመር። ከወሊድ ሦስት ወር በኋላ ፕሮቲኑ ካልጠፋ ወይም ግፊቱ ካልወረደ፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተልካ የኩላሊት የደም ምርመራ ማድረግ አለባት። ወገቤን አመመኝ ብላ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ አትዋጥ፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ግፊቷን በየዓመቱ ትለካ።

ዳግም ስታረግዝም ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ ታሪኳን ለሐኪም ትንገር፤ ሐኪሙ የሚያዝላት አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ሕመሙ እንዳይመለስ ይበልጥ የሚረዳት ከ16ኛው ሳምንት በፊት ስትጀምረው ነው። ባሎች ሆይ፣ ለክትባት ስትሸኟቸው ይህን አስታውሷቸው።